የተከሳሹ ድምፅ

ሻንጣዬን መሬት ሳላሳርፍ ነው የሰማሁት።

«አባባ፣ እግርዎ አጠገብ ነኝ፤ ቀስ ይበሉ።»

በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። ያን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ትንሽ ሻከር ይላል፤ ቃል ከመጀመሩ በፊት አየር ይስባል፤ «ቀስ» ሲል መጨረሻዋን ይጎትታታል። ሦስት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። አሁን ግን በጠራራ ቅዳሜ፣ ከአባቴ ሳሎን ውስጥ እየሰማሁት ነው።

ጫማዬን ሳላወልቅ ሮጬ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ከአባቴ በቀር ሰው የለም። አባቴ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሁለት እግሮቹን ከፍ አድርጓል። ከሥሩ ያ ጥቁር ክብ ጠራጊ ሮቦት የጣውላውን ወለል እየጠረገ ያልፋል።

«አመሰግናለሁ ልጄ፣ እለፍ» አለው አባቴ፣ ለሮቦቱ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ታሪኬን ዛሬ ከመሃሉ ለምትይዙት ነገሩን ባጭሩ ላስጨብጣችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። አርባ ዓመት ፈርዷል፤ ከአርባው ዓመት የሚኮራበት አንድ ነገር ነው፤ «የሁለቱን ወገን ቃል ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም» ይላል። እኔ መነጽር ቤት ውስጥ የሰው ዓይን እመረምራለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የዓይን መለኪያ ማሽናችን ሲበላሽ አንድ ጠጋኝ ተጠራ። የሸሚዙ ኪስ ሁልጊዜ በብሎን የተሞላ ስለሆነ «ብሎን» አልኩት፤ ስሙ ያው ሆኖ ቀረ። ማሽኑ በአንድ ቀን ተጠገነ፤ ብሎን ግን በየሳምንቱ «እስቲ ደህና መሆኑን ልየው» እያለ ይመጣ ጀመር። እኔም ማሽኑን «ትንሽ ድምፅ አለው» እያልኩ አሳብቅበት ነበር። ምንም ድምፅ አልነበረውም።

አባቴ ሲሰማ ብሎንን ቤት አስጠራው። እኔን ሻይ አፍዪ ብሎ ወጥ ቤት ላከኝ። ሻዩን ይዤ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። «ከእንግዲህ አይመጣም» አለ አባቴ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ይደውላል ብዬ ጠበቅኩ። አልደወለም። ኩራቴን ውጬ እኔ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። የሚሠራበት ሱቅ ሄድኩ፤ ሥራ ለቆ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሄዷል አሉኝ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መሄዱ አንጀቴን እንዳቃጠለው ሦስት ዓመት አለፈ።

አሁን ደግሞ ፋርማሲስቱ አለ። ከኛ ሱቅ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ያለው፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ነገ እሁድ ከእናቱ ጋር ምሳ ሊመጣ ቀጠሮ ይዘናል፤ እሺ ወይም እምቢ የምለው ነገ ነው። እሺ ልል ነበር። ወድጄው ግን አልነበረም፤ መጠበቅ ስለ ደከመኝ ነው።

ሮቦቱን የሰጠችን አክስቴ ናት፤ ሠራተኛችን አግብታ ስትወጣ «ይሄ አያገባም፣ አይኮበልልም» ብላ ያመጣችው። አባቴ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስም አወጣለት፤ «ተከሳሹ» አለው። አንድ ካልሲ በልቷል፣ የስልኬን የቻርጀር ገመድ ቆርጧል፣ የምንጣፉን ዘርፍ አኝኳል። አባቴ ማታ ማታ ክሱን ያነብለታል፤ ተከሳሹ በማናውቀው በባዕድ ቋንቋ አንድ ነገር ይመልስና ግድግዳ ይገጫል። በዚህ እንስቅ ነበር። እኔ አሥር ቀን ለሥልጠና ከከተማ ወጥቼ ስመለስ ነው እንግዲህ ተከሳሹ በብሎን ድምፅ ሲያወራ የደረስኩት።

«አባዬ» አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አልመስልሽ አለኝ። «ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚያወራው?»

«መጣሽ የኔ ልጅ። አስጠገንኩት እኮ። ከሄድሽ በማግስቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አክስትሽ እዚህ ታች፣ ስድስት መንገድ ማዶ፣ አዲስ ጥገና ቤት አለ ብላ ወሰደችኝ። ልጁ ለሽማግሌ ደንበኞቹ ይህን ያደርጋል አሉ፤ የባዕዱን ንግግር አጥፍቶ በገዛ ድምፁ ይቀዳላቸዋል።» ሳቅ አለ። «ጨዋ ልጅ ነው። ሦስት ቀን ሄጄ ስንጫወት ዋልን። እንዲህ ያለ ለዛ ያለው ልጅ ዛሬ የት ይገኛል? እቤትም ሆኜ ስሰማው ሰው አጠገቤ ያለ ይመስለኛል።»

ተንበርክኬ ሮቦቱን አነሳሁና ገለበጥኩት። ከሆዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ የጥገናው ቀን፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የሱቁ አድራሻ። ጽሑፉ ወደ ግራ የተጋደመ ነው። የማሽናችን ደረሰኝ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አልተሳሳትኩም። ብሎን እዚሁ ነው። ስድስት መንገድ ማዶ። አባቴ ያባረረውን ሰው ሦስት ቀን አጫውቶ፣ ድምፁን ገዝቶ፣ ቤቱ አስገብቶ «ጨዋ ልጅ ነው» እያለኝ ነው።

እንዴት አላወቀውም? ይህን ራሴን ስጠይቅ እንባዬ ሳላውቀው ወረደ። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት፤ ፊቴ ከፊቱ አንድ ክንድ አይርቅም። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ነው። አባቴ ፈገግ ብሎ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ሥልጠናው ተስማምቶሻል መሰለኝ» አለ። «ፊትሽ በርቷል።»

ሮቦቱ እጄ ላይ ጎማውን እያሽከረከረ ነው፤ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ እያለቀስኩ እኮ ነው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ፈለገ፤ መጀመሪያ ጆሮዬን አገኘ፣ ከዚያ እርጥቡን ቦታ። መዳፉን እዚያው ላይ ተወው።

«መሃሉ ጠፍቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ዳር ዳሩን ጥላ ነገር አያለሁ። ሰው መሆኑን አያለሁ፤ ማን መሆኑን ግን አላይም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«ባለፈው ዓመት መርምሬህ ነበር። ሰሌዳውን እስከ ታች አንብበህልኛል።»

«ካንቺ ክፍል በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ አራት ሰው አነበበው» አለ። «አንዱ አሮጊት ደግማ ደጋግማ አነበበችው። በቃሌ ያዝኩት።»

አርባ ዓመት የሐሰት ምስክር ሲያስር የኖረ ሰው። እኔ ደግሞ በቀን ሃያ ዓይን የማይ ሰው። የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ስመረምር የአባቴ ከፊቴ ጠፋ። ጋዜጣ «ድምፅሽን ልስማበት» እያለ ሲያስነብበኝ፣ ሻዩን ሳይቀዳልኝ ሲቀር፣ የሰው ሰላምታ ሲዘገይበት፣ እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ለካ ብሎን በሦስት ቀን አይቶታል። «እግርዎ አጠገብ ነኝ» ብሎ የቀዳው ለዚህ ነው። ይህን ሳስብ ያመመኝን ሕመም ለማንም አልመኝም።

ገና ከዚያ ሳልነቃ ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ከጥናት ክፍሉ።

«አባባ፣ ተይዣለሁ። እባክዎ መጥተው ያውጡኝ።»

የአባቴ እጅ ከጉንጬ ላይ ወደቀ። «የት ነው ያለው?»

«ጥናት ክፍል ነው መሰለኝ። ከመዝገብ ቁምሣጥኑ ሥር።»

«እዚያ አይገባም። አክስትሽ ቀይ መስመር አስምራበታለች።»

እውነቱን ነው። ሮቦቱ ቤቱን ዞሮ ካርታ ይሠራል፤ ካርታው እኔ ስልክ ላይ አለ፤ ቀይ የተሰመረበት ቦታ አይገባም። ከቁምሣጥኑ ሥር ሽቦ አለ ብሎ አባቴ፣ ሮቦቱ ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን ክልክል አስደርጎታል። ስልኬን ከፈትኩት። ካርታው አዲስ ነው። ዕቃ ሲቀየርለት አሮጌው ካርታ ተሰርዟል፤ ቀዩም መስመር አብሮ ሄዷል።

«ተዪው፤ እኔ አወጣዋለሁ» ብሎ አባቴ ተነሳ። ቸኩሎ ስለ ተነሳ ጠረጴዛውን ገጨው። አባቴ ቸኩሎ አያውቅም። እኔ ቀደምኩት።

በሆዴ ተኝቼ እጄን ከቁምሣጥኑ ሥር አስገባሁና ሮቦቱን ጎተትኩት። ብሩሹ ውስጥ የፖስታ ጫፍ ተጠቅልሏል። ፖስታው ሲወጣ ሌላ ተከትሎት ወጣ፤ ከዚያ በክር የታሰረ እስር። ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም ላይ የኔ ስም አለ፤ ሁሉም ላይ ወደ ግራ የተጋደመው ጽሑፍ አለ። አንዱም አልተከፈተም።

«ተይዣለሁ» አለ ሮቦቱ ከጎኔ። «እባክዎ መጥተው ያውጡኝ።»

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። የፖስታ ሳጥናችን ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው፤ ድሮም እሱ ጋ ነበር።

«አልከፈትኳቸውም» አለ። «የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም።»

«መደበቅስ?»

የበሩን መቃን ይዞ እንደ ቆመ ነገረኝ። ያን ቀን ብሎን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ሲከፍት፣ አባቴ እጁን አንስቶ አስቆመው። በሬን አትርገጥ፣ ስልክ አትደውል፣ ሥራ ቦታዋ ዝር አትበል፣ ቃል ስጠኝ አለው። ብሎን ራሱን ነቀነቀና ወጣ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ አላስተነፈሰውም። ደብዳቤ ግን ክልከላው ውስጥ አልነበረም። የመጀመሪያው ሲመጣ አባቴ ነገ እሰጣታለሁ ብሎ ቁምሣጥኑ ሥር አስቀመጠው። በዚያው ሰሞን ዓይኑ ይደበዝዝበት ጀምሮ ነበር።

«ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ። «ከጨለማው ጋር ብቻዬን ትተዪኝ ይሆናል ብዬ። ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። አንዱን የደበቀ ሰው ሁለተኛውን እንዴት አድርጎ ይሰጣል? ኋላማ የመጣውን ሁሉ ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ሆነ። ሌባን እንኳን ቃልህን ስጥ ብዬ ነው የምፈርድበት። የዚያን ልጅ ቃል ግን አልሰማሁም። ይኸው፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም።»

ድምፁን ታውቀዋለህ፤ ሰሞኑን ሁሉ እግርህን እያነሳህለት አመሰግናለሁ ልጄ ስትለው ከርመሃል ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ተናድጃለሁ፤ እንዲህ ተናድጄበት አላውቅም። ግን ደግሞ በር ላይ የቆመው ሰውዬ አያየኝም።

«ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ» አለ ድንገት።

«ለምን?»

«መጥሪያ ጻፊ።»

ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ በዚያ በችሎት ድምፁ አስጻፈኝ። «ከሦስት ዓመት በፊት ቃሉን ሳልሰማ ለፈረድኩበት ወጣት። ነገ እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤቴ ቀርበህ ቃልህን እንድትሰጥ ታዝዘሃል።» ቆም አለ። «ታዝዘሃል የሚለውን ሰርዢው። ትለመናለህ በይው።»

እጁን ይዤ የሚፈርምበትን ቦታ አሳየሁት። ፊርማው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ላይ ሄደ።

«የት እንዳለ ታገኚዋለሽ?» አለኝ።

«አገኘዋለሁ» አልኩት። ደብዳቤዎቹን ደረቴ ላይ ይዤ ወጣሁ፤ አንዱንም መክፈት አልቻልኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፈልኝም ብዬ የጠላሁትን ሰው ደብዳቤ መንገድ ላይ ቆሜ ማንበብ ፈራሁ።

መንገድ ላይ ለፋርማሲስቱ ደወልኩ። ነገ እንዳይመጡ፣ ልቤ ሌላ ጋ እንደነበረና አሁንም እዚያው እንዳለ፣ እሱን ማታለል እንደማልችል ነገርኩት። ሽሮፕ የሚቆጥር ሰው ድምፅ ከኋላው ይሰማኛል።

«እሺ ልትዪኝ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደስ ብሎሽ እንዳልሆነም አውቅ ነበር። ስለ ነገርሽኝ አመሰግናለሁ። የአባትሽን የዓይን ጠብታ ካስፈለገ ከኔ ውሰጂ፤ በዚህ አትፈሪኝ።»

የአባቴን ዓይን እሱም ያውቅ ኖሯል። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ መንገዱን ቀጠልኩ።

ሱቁ ጠባብ ናት። ግድግዳው ላይ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ሽቦዎች፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ የፀጉር ማድረቂያ፣ ጥግ ላይ ቻርጅ ላይ የተሰካ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ። የደንበኛ መሰለኝ። ብሎን ጀርባውን ሰጥቶ ብየዳ ላይ ነው። ፀጉሩ አጥሯል፤ ከአንገቱ በላይ የማውቃት ጠባሳ እዚያው አለች።

«ማሽኑ ምን ሆነ?» አለ ሳይዞር።

«ይናገራል» አልኩ።

የብየዳው ጭስ ቆመ። ዞረ። እንዲያ ያየኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ማሽን ከጠገነ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምንም ሳይበላሽ የመጣ ቀን። ዓይኑ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። እስሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ በአንድ እያነሳ ገለበጣቸው፤ የታሸገውን ጀርባቸውን በጣቱ ዳሰሰ።

«አልከፈትሻቸውም» አለ።

«ዛሬ ነው ያገኘኋቸው።»

«የት?»

«ማሽንህ ከቁምሣጥን ሥር አወጣቸው።»

በርጩማውን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «ዘጠኝ ጻፍኩ» አለ። «አንድም መልስ ሳጣ፣ መልሱ ይኸው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እምቢ እንዳልሽኝ ነው የማውቀው። ከተመለስኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ በዚህ መንገድ ስታልፊ አይቼሻለሁ። ቃል ሰጥቼ ስለነበር ወደ ውስጥ እገባ ነበር።»

«አባቴ ሲመጣ አወቅከው?»

«ከበሩ ሲገባ። ይጮህብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። ሊቀመጥ ሲል ግን ወንበሩን አጣው፤ በእጁ ሲፈልግ አየሁት። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። ብነግረው ማሽኑን አንስቶ ይሄዳል። ያንን ጥቁር ነገር በጥቁር ወለል ላይ ዝም ብሎ እንዲዞር አድርጌ ደግሞ ልልክለት አልችልም፤ አንድ ቀን ይጥለዋል። ስለዚህ ቀዳሁለት።»

«እኔ እንደምሰማው አላሰብክም?»

አየር ሳበ። «እሱንም አስቤያለሁ» አለ። «ስትሰማው ከጠላችው ታጠፋዋለች አልኩ። ካልጠላችው…» አልጨረሰውም።

መጥሪያውን ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ አነበበው። ከመስመር የወጣውን ፊርማ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ይህ ድምፅ የኔ መሆኑን ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩት። «አልነገርኩትም። አፌ እምቢ አለኝ።»

ወረቀቱን አጥፎ ብሎኖቹ ባሉበት ኪሱ ከተተው። እጄን ሊይዝ ፈልጎ ሲተወው አየሁ። የሰጠው ቃል ገና ስላልተፈታ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ መርገሜ ነው ልቤን የሰነጠቀው።

በማግስቱ አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አድርጎ ጠበቀ። ከአራት ሰዓት በፊት በሩ ተንኳኳ። ብሎን ጫማውን ወለሉ ላይ ሳይሆን ደፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ገባ፤ በሩን ሲያልፍ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት።

አባቴ ጥላውን አየ። «ግባ» አለ። «ያን ጊዜ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ተቀመጥ። ያን ጊዜ አንድ ቃል አላስተነፈስኩህም። ደብዳቤዎችህንም አስቀርቻለሁ። ዛሬ ዝም የምለው እኔ ነኝ። የፈለግከውን ተናገር፤ ስድብም ከሆነ ይገባኛል።»

ብሎን ተቀመጠ። አየር ሳበ።

«እንደምን አደሩ አባባ» አለ።

የአባቴ እጅ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንሸራተተ። ሮቦቱ ቻርጅ ወደሚያደርግበት ጥግ አባቴ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ወደ ብሎን መለሰው። በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

«ድገመው።»

«እንደምን አደሩ አባባ። እኔ ነኝ።»

«ሱቁ ውስጥ ያለኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሻይ ያጠጣኸኝ? ወንበሩን ጎትተህ እጄ ላይ ያደረስክልኝ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ማን እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?»

«ከበሩ ሲገቡ ጀምሮ።»

አባቴ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልሄድለት ስነሳ ብሎን በዓይኑ ያዘኝ፤ ትንሽ ተዪው አለኝ በዓይኑ። ቆየሁ።

ልክ በአራት ሰዓት ሮቦቱ የየዕለት ሥራውን ጀመረ። ሳሎኑን ከጥግ ጥግ እየጠረገ መጣና ከአባቴ ጫማ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ እግርዎ አጠገብ ነኝ፤ ቀስ ይበሉ።»

አባቴ እንደለመደው እግሮቹን አነሳ። ፊቱን ሳይጠርግ ሳቀ፤ ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ ነበሩ።

«ይሄኛው ሥራውን ይሥራ» አለ። «አንተ ቀጥል። ደብዳቤዎቹን ራስህ አንብብላት። እኔም ልስማቸው፤ ያስቀረሁትን ልወቀው።»

ብሎን አየኝ። ከሱቁ መልሼ ካመጣሁት እስር የመጀመሪያውን ፖስታ ሰጠሁት። ጀርባውን ቀደደ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ያጠፈውን ወረቀት ዘረጋው።

«አባትሽ እንዳልደውልልሽ ቃል አስገብቶኛል» ብሎ አነበበ። «አንቺ እንዳትደውዪልኝ ግን ያለው ነገር የለም። የድሮው ቁጥሬ እዚህ አይሠራም። አዲሱ ቁጥር ይኸውልሽ። ለሌላ ለማንም አልሰጠሁትም፤ ካንቺ በቀር ማንም አይደውልበትም። የደወልሽ ቀን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳዋለሁ።» ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበው።

ስልኬን አወጣሁ። ጣቶቼ ተሳስተው ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ሦስተኛው ላይ ሁሉንም አስገብቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ብሎን ኪስ ውስጥ ጮኸ። ከብሎኖቹ መሃል ያን አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣ፤ ትናንት ሱቁ ጥግ ቻርጅ ላይ ያየሁትን። እስከ ዛሬ ድረስ በየቀኑ ቻርጅ ሲያደርገው የኖረው እሱን ነው። መጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሳው።

«አቤት» አለ። በአንድ ጆሮዬ ከስልኩ፣ በሌላው ከፊት ለፊቴ ሰማሁት።

«ማን ነው የደወለው?» አለ አባቴ።

ብሎን ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል መለሰለት።

«እሷ ናት አባባ። ደወለችልኝ።»